ሽታው ምክር ቤት ሲገባ

ባለፈው ሰሞን ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንቃረብ ወያላው ማንም ሳይጠይቀው «መስኮት ዝጉ! መስኮት!» አለ። ሁላችንም ታዘዝን። በከተማችን የወያላ ትእዛዝ ያለ ክርክር የሚፈጸምበት ቦታ ቢኖር ይኼ ይመስለኛል። ሽታው ግን መስኮት አላገደውም፤ በወለሉ ቀዳዳ፣ በበሩ ስንጥቅ አድርጎ ገባ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ጭናቸው ላይ ያለውን እስር ጎመን ጠበቅ አደረጉ።

«ማዘር፣ ጎመኑ ከየት ነው?» አላቸው ወያላው፣ ለጨዋታ ያህል።

«ከዚሁ ከታች ነው እንጂ ልጄ፤ ወንዙ ዳር ከሚያበቅሉት ነው የገዛሁት። ርካሽ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ድልድዩን ስናልፍ መስኮቱ ተከፈተ፤ ወሬውም ወደ ሌላ ዞረ። እኔን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ዋለ። ሽታውን ለአምስት ደቂቃ በመስኮት እንከለክለዋለን፤ ማታ በድስት እናስገባዋለን። በአቃቂ ውኃ በሚለማ አትክልት ውስጥ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ከባድ ብረት ደግሞ አይሸትም። ወያላም መስኮት አያዘጋበትም።

ስለ ወንዝና ስለ ዳኝነት ሲነሣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃት ተረት አለች። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። ጅቡ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። አህያዋ ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ልታስረዳው አልደከመችም፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው። ተረቷን የምንተርታት ሰበብ ለሚፈልግ ጉልበተኛ ነው። እኔን ግን በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ለመሆኑ የሁለቱን ጉዳይ የሚያይ ዳኛ ቢኖር፣ እሱ ከወንዙ በየት በኩል ሆኖ ነው የሚጠጣው? ከላይ ነው ከታች?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መንግሥት በአካባቢ ላይ የሚደርስን ጥፋት መቼ ጥፋት ብሎ እንደሚያየው፣ መቼ ሕግ እንደሚያወጣለት፣ ያወጣውንም መቼ እንደሚያስፈጽም አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ይኸው ነው። ለዚህ ከለንደኑ የቴምዝ ወንዝ የተሻለ ምስክር አላውቅም። (የለንደኑን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን፣ የኛን እንደ ራሳችን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።)

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለንደን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ታላቅ ከተማ ነበረች። የሽንት ቤቷ ነገር ግን ከገጠር መንደር አይሻልም ነበር። ከየቤቱ ሥር ጉድጓድ አለ፤ ሲሞላ ሌሊት ሌሊት የሚመጡ ጠራጊዎች ዝቀው ለገበሬ ማዳበሪያ ይሸጡታል። ሕዝቡ ሲበዛ፣ በውኃ የሚለቀቀው ዘመናዊ ሽንት ቤትም ሲለመድ ጉድጓዶቹ ይገነፍሉ ጀመር። በዚህ መሐል ኮሌራ ገባ። ከ1831 እስከ 1832 በለንደን ከ6 ሺህ በላይ፣ ከ1848 እስከ 1849 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ።

የዚያን ጊዜ ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንግዲህ የሚገድለው ሽታ ከሆነ መፍትሔው ሽታውን ከቤት ማስወጣት ነዋ! ከ1848 ጀምሮ በወጡ ሕጎችና ትእዛዞች ጉድጓዶቹ እንዲዘጉ፣ የየቤቱ ቆሻሻም ለዝናብ ውኃ ተብለው ከተሠሩት ቦዮች ጋር እንዲገናኝ ተደረገ። በ6 ዓመት ውስጥ ወደ 30 ሺህ ጉድጓድ ተዘጋ። የቦዮቹ መጨረሻ ቴምዝ ነው። ለከተማው ውኃ ከሚያከፋፍሉት ኩባንያዎች በርከት ያሉት ደግሞ የሚቀዱት ከዚያው ከቴምዝ ነበር። እስቲ ልብ በሉ፤ ወንዙን የበከለው ከሕግ የሸሸ ወንጀለኛ አልነበረም። ሕግ አክባሪ ዜጋ፣ ታዝዞ፣ ባለሥልጣን እየተቆጣጠረው ነው የበከለው።

የሚያስጠነቅቅ አልጠፋም። በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው በሶሆ ሰፈር የሞቱትን ቤት ለቤት እየዞረ መዝግቦ፣ ሞቱ ብሮድ ስትሪት ላይ ባለ አንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መከማቸቱን አሳየ። ገዳዩ ውኃው ነው አለ። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ ሐሳቡን ግን ሹማምንቱ አልተቀበሉትም። በ1855 ስመ ጥሩው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ በጀልባ ሲያልፍ ነጭ ካርድ ቆራርጦ ወንዙ ላይ ጣለ። ቁራጮቹ አንድ ኢንች እንኳ ሳይሰምጡ ከዓይን ጠፉ። ይህንኑ ጽፎ በ«ታይምስ» ጋዜጣ አወጣው። በዚያው ዓመት የከተማይቱን ሥራዎች የሚመራ ቦርድ በሕግ ተቋቋመ፤ ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም ፍሳሹን ወንዙ ጋ ሳይደርስ ጠልፎ ከከተማ የሚያወጣ ትልቅ ቦይ ነደፈ። ከዚያስ? ከዚያማ ኮሚቴ፣ ደብዳቤ፣ ማሻሻያ። መውጫው የት ይሁን? ገንዘቡን ማን ይክፈል? እየተባለ ጊዜው አለፈ። መቼም ይኼ ለኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንም።

የ1858 ጁን ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልሆነም። ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳ ከ30 ዲግሪ በላይ ወጣ፤ ወንዙ ጎደለ፤ ዳር ዳሩ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ፀሐይ ላይ ቀረ። የእንግሊዝ ምክር ቤት አዲሱ ሕንፃ ደግሞ የቆመው እዚያው ቴምዝ አፋፍ ላይ ነው። መጋረጃዎቹ ክሎሪን ባለበት ኖራ ተነከሩ። አልሆነም። ምክር ቤቱ ለጊዜው ወደ ኦክስፎርድ ወይም ወደ ሴንት ኦልባንስ ይዛወር የሚል ሐሳብ እስከ መነሣት ደረሰ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ በአንድ እጁ ወረቀቱን ይዞ፣ በሌላው መሐረቡን አፍንጫው ላይ ደፍኖ ከኮሚቴ ክፍል ሲጣደፍ መታየቱ ተጽፏል።

ይኸው ዲዝራኤሊ ጁላይ 15 ቀን ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ኦገስት 2 ቀን ጸደቀ። ዓመታት የበላው ክርክር በ18 ቀን አለቀ። ቦርዱ 3 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲበደርና ሥራውን እንዲጀምር ተፈቀደለት። ባዛልጌትም ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋና ቦይ በጡብ ገነባ፤ ዛሬም ለንደን በዚያ ላይ ቆማለች። ዶክተር ስኖው ግን ይህን አላየም። ሽታው ምክር ቤቱን ባስጨነቀበት በዚያው ወር፣ ጁን 16 ቀን፣ በ45 ዓመቱ አረፈ።

አፍንጫ ሲመታ ዐይን ያለቅሳል እንላለን። የለንደን ድኃ ከ20 ዓመት በላይ በኮሌራ ሲረግፍ ያላለቀሰ ዐይን፣ የራሱ አፍንጫ ሲመታ በ18 ቀን አለቀሰ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እስከዚህ ነው፤ መጨረሻው ያማረ ይመስላልና። የኔ ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቦዩ ቆሻሻውን አላጠፋውም። ከምክር ቤቱ አርቆ፣ ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ቤክተንና ክሮስነስ በሚባሉ ቦታዎች እንዳለ ወንዙ ውስጥ ይለቀው ነበር። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ሞቱ የበረታው ቦዩ ገና ባልተጠናቀቀበት በድኃው ምሥራቅ ለንደን ነው። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1878 «ፕሪንሰስ አሊስ» የምትባል መንገደኞች የጫነች የእንፋሎት መርከብ ከከሰል ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። ከ600 በላይ ሰው አለቀ። የሰመጡት ከፍሳሹ መውጫዎች አጠገብ፣ የዕለቱ ቆሻሻ ከተለቀቀ አንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እንደገና አጣሪ የተሰየመው። ከ1887 ጀምሮም ዝቃጩ በመርከብ እየተጫነ ባሕር ላይ ይደፋ ጀመር። ይኼ እስከ 1998 ድረስ ቀጠለ። አያችሁ አካሄዱን? ከቤት ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ላይ ወደ ወንዙ ታች፣ ከወንዙ ታች ወደ ባሕር። በየደረጃው ሕግ አለ። በየደረጃው ሕጉ ያደረገው ቆሻሻውን ድምፁ ወደማይሰማ ሰው መግፋት ነው።

የፋብሪካዎቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። በ1876 እንግሊዝ የወንዞች ብክለት መከላከያ ሕግ አወጣች። ስሙ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሕግ መሠረት ወንዝ የበከለን ፋብሪካ መክሰስ የሚችለው የአካባቢው የጤና አስተዳደር ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከማዕከላዊው ቦርድ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ቦርዱም ሲፈቅድ የኢንዱስትሪውን ጥቅም ማሰብ ነበረበት። የአካባቢው አስተዳደር ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ የሚለቅ ነው። አህያዋ ጅቡን ለመክሰስ የጅቡን ዘመዶች ታስፈቅድ እንደማለት ነው። ሕጉ ለአሥርት ዓመታት በመጽሐፍ ላይ ኖረ፤ ወንዞቹም እየጠቆሩ ሄዱ። በ1957 ሳይንቲስቶች ቴምዝ በለንደን በኩል ሕይወት አልባ ሆኗል አሉ። ዓሣ የተመለሰበት ከዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አቃቂ ሁለት ነው፤ ትልቁና ትንሹ። ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ወርደው፣ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ፋብሪካዎቻችን ከወንዝ ዳር የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንዝ ውኃ ይሰጣል፤ የተጠቀሙበትንም ይወስዳል፤ ለሁለቱም ሂሳብ አይጠይቅም። ብዙዎቹም የአካባቢ ሕግ የሚባል ነገር በአገሩ ሳይኖር የተሠሩ ናቸው። በዚህ ላይ ፋብሪካውን ብቻ መውቀስ ራስን ማታለል ነው። ዶፍ ዝናብ ጠብቆ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚለቀውን ጎረቤት ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንዴም ጎረቤቱ እኛው ነን።

ሕግ ግን አልጎደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጠ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1989 የአካባቢ ፖሊሲ ወጣ። በ1995 ደግሞ ሦስት አዋጆች ተከታትለው መጡ፤ ተቋማቱን የሚያደራጀው 295፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው 299፣ የብክለት ቁጥጥሩ 300። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም አካባቢን መበከልን በአንቀጽ 519 ወንጀል አደረገው።

ከነዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እኔን በቀጥታ ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቀደ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ከ1876ቱ የእንግሊዝ ሕግ ጋር አስተያዩት። እነሱ በሩን በሁለት ቁልፍ ሲቆልፉ እኛ ወለል አድርገን ከፈትነው።

ነገሩ ለኛ ባዕድም አይደለም። አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲሉ መንገደኛው ቀጥ ይል ነበር። ባዩ የተበዳዩ ዘመድ ይሁን አይሁን የሚጠይቅ አልነበረም፤ በደል ሲፈጸም ያየ ሰው ሁሉ በሕግ አምላክ የማለት መብት ነበረው። አንቀጽ 11 ይህንኑ ጥሪ በነጋሪት ጋዜጣ አተመው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ሆነ? በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የመብት ተሟጋች ማኅበር፣ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ኃላፊነቱን አልተወጣም ብሎ ባለሥልጣኑን ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም፤ ሕጉ ያስከስሳል ያለው በካዩን እንጂ ተቆጣጣሪውን አይደለም በሚል። የሕግ ሰዎች በዚህ ይከራከሩ። ታች ላለው ሰው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከላይ ከተደረደሩት ሁሉ ይህን ቀለም የለቀቀው የትኛው እንደሆነ፣ ያንን ሽታ ያመጣው ማን እንደሆነ ራሱ ለይቶ ይምጣ ማለት ነው። ላቦራቶሪ የለው፤ ጠበቃ የለው። አህያዋ ውኃው ሽቅብ እንደማይፈስ በባለሙያ አስመርምራ ታቅርብ ነው ነገሩ።

በ2001 የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ወጣ፤ ነባር ፋብሪካዎች እንዲዘጋጁ 5 ዓመት ተሰጣቸው። ጊዜ መስጠቱን አልቃወምም። በቆዳ ፋብሪካ ደመወዝ ልጆቹን ያስተማረ ሰው የዚያ ፋብሪካ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የማጣሪያ መሣሪያም በአንድ ሌሊት አይተከልም። ግን 5 ዓመቱ ካለቀም ስንት ጊዜ ሆነው። በዚህ መሐል መሥሪያ ቤቱ ሲለዋወጥ ኖረ፤ በ1987 ባለሥልጣን፣ በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 እንደገና ባለሥልጣን። ማኅተሙ በተቀየረ ቁጥር ጠረጴዛው ይዞራል፤ መዝገቡ ይፈለጋል። ወንዙ ግን ለእድሳት አይዘጋም።

የሚመሰገንም አለ። ከ2011 ጀምሮ የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች የማልማት ሥራ ተጀምሯል፤ መናፈሻዎች ተከፍተዋል። በ2017 ደግሞ የከተማው አስተዳደር ወንዝ በሚበክል ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል። ሽታው ወደ ላይኛው አፍንጫ ደርሷል ማለት ነው። ይበል ብለናል። እኔ የምፈራው ለንደን የሠራችውን ስሕተት ነው። መናፈሻው ፊት ለፊት ያለው ውኃ ጠርቶ፣ ድልድዩ ሥር ያለው እንደ ጠቆረ እንዳይቀር። እኛ ደግሞ ለንደኖች የነበራቸው ማምለጫ የለንም። ቴምዝ ጉዱን ተሸክሞ ባሕር ይገባል። አዋሽ ባሕር አያውቅም። ከአቃቂ የተቀበለውን ይዞ፣ እርሻ እያጠጣ፣ ከብት እያጠጣ፣ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የምንለቀው ሁሉ እዚሁ እኛው ጋ ይቀራል።

ስለዚህ ተጨማሪ አዋጅ አልጠይቅም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የፋራዴይን ካርድ አቃቂ ድልድይ ላይ አምጡልን። የወንዙ ውኃ በየወሩ ተመርምሮ፣ ውጤቱ በሚነበብ አማርኛና ኦሮምኛ በየወረዳው ደጃፍ ይለጠፍ። በካዩን ለይቶ የማቅረቡ ሸክም ከአቤት ባዩ ትከሻ ይውረድ፤ መሣሪያውም ተቆጣጣሪውም ያለው መንግሥት ጋ ነው። 30 ቀን የሚለው ቃል የታተመበት ገጽ ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ አቤቱታ የቀረበበት ቀንና መልስ የተሰጠበት ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ። ሹሙ የሚመዘነውም ባስመረቀው መናፈሻ ብቻ ሳይሆን ከከተማው በታች በሚቀዳ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይሁን። ዳኛው ከላይ ሆኖ መጠጣቱ ካልቀረ፣ ቢያንስ የታቹን ውኃ በየወሩ ያሳዩት።

ያቺ ከጎኔ የነበሩት እናት አቃቂ ገበያ ጋ ሲወርዱ ወያላው ጎመናቸውን ተቀብሎ አወረደላቸው። «አጥበው ይሥሩት እንግዲህ ማዘር» አላቸው፤ አሁን ሳይስቅ።

«አጥባለሁ ልጄ» አሉ። «በምን እንደማጥበው ነው እንጂ።»